ከምላጩ በፊት መርፌው

መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ጆንያ ሲሸከም የሚውል ሰው ወገቡን ቢያመው ለባልንጀራው ይነግራል። ቆለጡን ሲያመው ግን ለሚስቱም አይተነፍስም። “ብርድ መትቶኝ ነው” ብሎ ጋቢውን ደርቦ ይተኛል። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየውን ሕመም ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል።

ድንገት የሚጀምርና የሚያስታውክ ብርቱ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። ቆለጡ ተጠምዝዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ስለሚችል፣ ለማትረፍ ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ቆለጥ በጽንስ ጊዜ ከኩላሊት አጠገብ ተፈጥሮ፣ ነርቩንና ደም ሥሩን እየጎተተ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የኩላሊት ጠጠር ቆለጥ ላይ ሊያም ይችላል። በቲቢ፣ ወይም ባልፈላ ወተት በሚመጣው ብሩሴሎሲስ የሚታመምም አለ፤ እነዚህ በመድኃኒት ይታከማሉ። የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ የሚቀድሙት ለዚህ ነው። ምርመራው ግን ሁልጊዜ አይገኝም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አገልግሎት የጀመረው የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል በትግራይ ጦርነት ዓመታት መድኃኒትና የቀዶ ሕክምና ዕቃ አጥቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የማይገድል ሕመም ተራው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያኔ ሕመሙን ችሎ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ዛሬ ሄዶ ይታይ እላለሁ።

መድኃኒቱ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ ካልለቀቀ ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ይጀመራል። እዚህ ላይ አንባቢዬ አጥብቆ እንዲይዝልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ የማደንዘዣውን መርፌ። ቆለጡ የተንጠለጠለበት፣ ነርቭ፣ ደም ሥርና የዘር ቱቦ አብረው የተጠቀለሉበት ገመድ አለ። ሐኪሙ ገመዱ ዙሪያ ማደንዘዣ ይወጋል። ለጥቂት ሰዓታት ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ፣ መልእክቱ የሚያልፈው በዚያ ገመድ ነው ማለት ነው። ካልቀነሰ ምንጩ ወገብ፣ ዳሌ ወይም የዳሌ ወለል ጡንቻ ሊሆን ይችላል፤ ገመዱን መንካት አይጠቅምም።

መርፌው ለረዳው ሰው ነርቮቹን መቁረጥ ይቻላል። ዴቫይንና ሼልሃመር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን እ.ኤ.አ. በ1978 ጽፈውታል። ብሽሽት ላይ ትንሽ ተቀዶ፣ በማይክሮስኮፕ እየታየ ሕመም አስተላላፊዎቹ ነርቮች ይቆረጣሉ፤ ደም ቅዳውና የሊምፍ ቧንቧዎቹ ግን ሳይነኩ ይቀራሉ። ደም ቅዳው ከተጎዳ ቆለጡ ይሟሽሻል፤ ሊምፉ ከተቆረጠ ውሃ ይቋጥራል። በደንብ ከተመረጡት ታካሚዎች አብዛኞቹ ይሻላቸዋል። መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ስለሚጠይቅ በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ የት እንደሚሠራ የዩሮሎጂ ሐኪሙን በቀጥታ ይጠይቁ።

ከቆለጡ በላይ ያሉት ደም መልሶች አብጠው ትል የተጠቀለለ የሚመስሉበት ቫሪኮሲል፣ በተለይ በግራ በኩል የተለመደ ነው። ሲያም ደም መልሶቹን ማሰር ብዙዎችን ያሳርፋል። ሕመሙ ከቆለጡ ጀርባ ባለው ኤፒዲዲሚስ ላይ ብቻ ከሆነ እሱን ማውጣት ይቻላል።

ቆለጡን ራሱን ማውጣት የመጨረሻው ነው። የቀረው ጤነኛ ቆለጥ ለልጅም ለወንድነት ሆርሞንም ይበቃል። ነገር ግን ነርቭ ሕመሙን ለምዶት ከቆየ፣ ቆለጡ ከወጣ በኋላም የሚያማቸው ሰዎች አሉ። ይህን ካልነገሩዎት ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ መርፌው መሞከሩንም ጭምር።