የሪያል ብድር በብር ሲከፈል፦ የየትኛው ቀን ምንዛሬ ይታሰባል?

 

በዚህ እትም የምንማማረው በአንድ አገር ገንዘብ ተበድሮ በሌላ አገር ገንዘብ ስለ መክፈል ነው። ሮቤም ጎባም ሳዑዲ ወንድም፣ እህት ወይም አክስት ያለው ተማሪ ብዙ ስለሆነ ጥያቄው ከእኛ የራቀ አይደለም።

አንዲት እህት በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ከጂዳ ለዕረፍት ከመጣ ወንድሟ ላፕቶፕ ልትገዛበት 2,000 ሪያል ተበደረች እንበል። ያኔ በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበርና ሪያሉ 15 ብር ከ20 ሳንቲም አካባቢ ይመጣል፤ በጠቅላላው 30,400 ብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በ2017 ዓ.ም. ዶላሩ 130 ብር ሲያልፍ ሪያሉ 35 ብር ተጠጋ። ወንድሟ ገንዘቡን ሲጠይቃት ያው 2,000 ሪያል ከ69,000 ብር በላይ ሆኗል። እሷ «የወሰድኩት 30 ሺህ ብር ነው» ትላለች፤ እሱ «የሰጠሁሽ ሪያል ነው» ይላል።

እዚህ ላይ ሪያሉ እንዳልተወደደ ልብ በሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘቧን በአንድ ዶላር 3.75 ሪያል ላይ አስራዋለች። የሚንቀሳቀሰው ብሩ ነው። በአገራችን ጠገራ ብርና የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይሠራባቸው ነበር፤ ሐምሌ 1937 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ብር በ2 ሽልንግ ተተመነ፣ ለአንድ የአሜሪካ ዶላርም 2.48 ብር ይከፈል ነበር። (በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል እንጂ በአማርኛ ያኔም ስሙ ብር ነው።) በ1956 ዓ.ም. 2.50 ሆነ። ቀጥሎ የመጣውን የዛሬ ተማሪ ላያምን ይችላል፦ ብሩ ጠነከረ። አሜሪካ የዶላሯን ዋጋ ስትቀንስ በ1964 ዓ.ም. 2.30፣ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ 2.07 ገባ፤ በደርግ ዘመን ሁሉ መንግሥት በዚሁ አቆየው፣ የጥቁር ገበያው ዋጋ ሌላ ቢሆንም። ሪያሉ በታሰረበት ዓመት እንግዲህ በባንክ አንድ ሪያል 55 ሳንቲም ነበር ማለት ነው። በ1985 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዶላሩ በአንድ ጊዜ ከ2.07 ወደ 5 ብር ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻና በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የተደረጉት ቅነሳዎች የሚታወሱ ናቸው። ከ55 ሳንቲም እስከ 35 ብር ድረስ ከ60 እጥፍ በላይ ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። ቀርድ የሚመለሰው በአምሳያው ነው። ከሲናና ገበሬ አንድ ኩንታል ስንዴ የተበደረ ሰው የሚመልሰው አንድ ኩንታል ስንዴ ነው፤ በመካከሉ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም በዕዳው ላይ ለውጥ የለም። ሪያልም እንደዚያው። እህታችን ያለባት 2,000 ሪያል ነው፤ ብር አልተበደረችም።

በብር መክፈል ትችላለች? ትችላለች። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በበቂዕ ግመል ሲሸጡ በዲናር ተዋውለው በዲርሃም፣ በዲርሃም ተዋውለው በዲናር ይቀበሉ እንደነበርና ይህንኑ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) እንደጠየቁ አቡ ዳውድና ሌሎችም ዘግበዋል። የተሰጣቸው ፈቃድ ሁለት ነገር ይዟል፦ በዕለቱ ዋጋ መሆኑን፣ እንዲሁም በመካከላቸው የቀረ ነገር ሳይኖር መለያየትን። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም በ1993 እ.ኤ.አ. ብሩናይ ላይ ባደረገው ጉባኤ ተበዳሪና አበዳሪ በመክፈያው ቀን፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ በዚያ ቀን ምንዛሬ በሌላ ገንዘብ ለመከፋፈል መስማማት እንደሚችሉ ወስኗል። ስለዚህ ወንድሟ ትክክል ነው። ከ30 ሺህ በላይ የጠየቀው ትርፍ ስላልሆነ ሪባ አይባልም።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዛሬ የግማሹን ብር ብቻ ከያዘች በዛሬው ዋጋ የሚታሰበው 1,000 ሪያል ብቻ ነው፤ ቀሪው ሪያል ሆኖ ይቆያል። ሁሉንም ዛሬ በብር ተምነው ግማሹን ለሚቀጥለው ወር ካሳደሩት የዘገየ ምንዛሬ ይሆናል፤ ይህ የሪባ በር ነው። በብድሩ ቀን «2,000 ሪያል ሰጥቼሻለሁ፣ 30,400 ብር ትመልሺያለሽ» ብሎ መዋዋልም እንደዚሁ አይፈቀድም።

የየትኛው ገበያ ዋጋ ለሚለው፣ በእኔ እይታ ሁለቱም ቀርበው የሚያዩት የባንክ ተመን ጭቅጭቅ ይዘጋል። ባንክ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ዋጋ ስለሚለያይ የትኛውን እንደሚወስዱ ከመቁጠራቸው በፊት ይስማሙ።

ከባዱ ጉዳይ የብር አበዳሪው ነው። በዚያው ሰኔ 30,400 ብር ያበደረ ሰው 30,400 ብር ሲመለስለት 900 ሪያል እንኳ አይገዛበትም። የሐነፊው ሊቅ አቡ ዩሱፍ ከወርቅና ከብር ማዕድን ውጪ ባሉ መገበያያዎች (ፉሉስ) ላይ ዋጋቸው ሲለወጥ በዋጋው ይመለስ ብለዋል። በሻፊዒ መዝሀብ ግን መንግሥት ገንዘቡን ቢሽረው እንኳ አበዳሪው የሚያገኘው ያበደረውን ዓይነት ነው፤ የፊቅህ አካዳሚውም በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ዕዳ በቁጥሩ እንጂ በዋጋው አይመለስም ሲል ወስኗል። ፍርዱ አበዳሪውን ይጎዳል፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተበደሩትን ወጣት ግመል በተሻለ ግመል እንደመለሱ ሙስሊም ዘግበዋል። አስቀድሞ ቃል ያልተገባበት፣ ተበዳሪው በራሱ ፈቃድ ሲከፍል የሚጨምረው ሐላል ነው። የሐምሌ 2016ን ለውጥ ያየ ተበዳሪ ይህን ሱና ሕያው ማድረጊያ አጋጣሚ አለው።

ወንድም ገንዘቡን በባንክ ልኮ እህት ብር ከተቀበለች ደግሞ ዕዳው በምን እንደሆነ ከቃላቸው ውጪ የሚለይ ነገር የለም። ስለዚህ ሱረቱል በቀራህ 282ኛው አያህ እንደሚያዝዘው ይጻፍ፦ የአበዳሪና የተበዳሪ ስም፣ ቀኑ፣ መጠኑ፣ የመመለሻ ጊዜው፣ የምስክሮች ፊርማ፣ ከቁጥሩም ቀጥሎ «ሪያል» ወይም «ብር» የሚለው ቃል።