የሆፕ አጠቃቀም በብቅል ኤክስትራክት በሚጠመቅ ፔል ኤል፦ የወርት እፍጋት፣ የመጨመሪያ ጊዜና የቦታ ከፍታ በመራራነት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

1. መግቢያ

ፔል ኤል የተባለው የቢራ ዓይነት መነሻው እንግሊዝ ነው፤ ዛሬ በቤት ውስጥ ጠማቂዎች ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው ግን አሜሪካዊው ቅርጹ ነው። ለዚህ ቅርጽ መስፋፋት ሁለት ነገሮች መሠረት ጥለዋል። የመጀመሪያው፣ የሎሚና የግሬፕፍሩት መዓዛ ያለው ካስኬድ የተባለ የሆፕ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1972 ለአምራቾች መቅረቡ ነው። በካሊፎርኒያ ግዛት በቺኮ ከተማ የሚገኘው የሴራ ኔቫዳ ጠመቃ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ይህን ዝርያ መለያው ያደረገ ፔል ኤል ጠመቀ፤ ብዙዎችም ፈለጉን ተከተሉ። ሁለተኛው፣ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 የፈረሙት ሕግ ነው። ሕጉ በአንድ ቤት ሁለትና ከዚያ በላይ ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ካሉ በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል ቢራ ለሽያጭ ሳይሆን ለራስ ፍጆታ ያለ ግብር እንዲጠመቅ ፈቅዷል።

ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ጀማሪ ጠማቂ ሥራውን የሚጀምረው በብቅል ኤክስትራክት ነው። ኤክስትራክት ማለት ፋብሪካ ከብቅል ያወጣው የስኳር ፈሳሽ ውኃው ተኖ እንደ ማር የወፈረ ወይም እንደ ዱቄት የደረቀ ውጤት ነው። ጠማቂው ብቅል ከመፍጨትና በሙቅ ውኃ ከመዘፍዘፍ ይድናል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የተጠመቀ ፔል ኤል ብዙ ጊዜ ከታሰበው በላይ ጣፋጭና ጠቆር ያለ፣ መራራነቱም ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ጥፋቱም በኤክስትራክቱ ጥራት ላይ ይላከካል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ የችግሩ ዋና ምንጭ ብዙውን ጊዜ ኤክስትራክቱ ሳይሆን ሆፑ የሚቀቀልበት ሁኔታ ነው የሚል ነው። በተጨማሪም በቀመሮች ውስጥ እምብዛም የማይገባው የቦታ ከፍታ፣ እንደ አዲስ አበባ ባሉ የደጋ ከተሞች ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በስሌት ያሳያል።

አንድ የቃል ማብራሪያ አስቀድሞ ያስፈልጋል። በአማርኛ «መፍላት» የሚለው ቃል በእሳት መንተክተክንም በእርሾ መብላላትንም ስለሚገልጽ፣ እዚህ የመጀመሪያው «መቀቀል»፣ ሁለተኛው «መብላላት» ተብሏል። እርሾ ያልገባበት የብቅል ፈሳሽ ደግሞ በጠመቃ ሙያ እንደተለመደው «ወርት» ይባላል።

2. ሆፕና ጌሾ፦ የመራራነት መንገዳቸው

ለጠላና ለጠጅ ባህል ቅርብ የሆነ አንባቢ ሆፕን በጌሾ መስሎ ቢረዳው አያስደንቅም፤ ሁለቱም መጠጥን ያመርራሉ። መራራነትን የሚሰጡበት መንገድ ግን የተለያየ ነው። ለጠላ የሚሆን ጌሾ ደርቆ ከተወቀጠ በኋላ በጋን ውስጥ ከውኃ ጋር ይጠነሰሳል። ጌሾይዲን የተባለው መራራ ንጥረ ነገሩ እሳት ሳይነካው በመዘፍዘፍ ብቻ ወደ ውኃው ይወጣል። የጥንስሱም መራራነት ቀናት በጨመሩ ቁጥር ይሰማል።

ሆፕ እንዲህ አይደለም። የእንስቷ ተክል አበባ ሉፑሊን የተባለ ቢጫ ብናኝ ይይዛል፤ በዚህ ብናኝ ውስጥ አልፋ አሲዶችና ተናኝ ዘይቶች ይገኛሉ። አልፋ አሲዶች በውኃ የመሟሟት አቅማቸው ዝቅተኛ ነው፤ እንዳሉም ብዙ አይመሩም። ወርቱ ሲቀቀል ግን የሞለኪውላቸው ቅርጽ ተለውጦ አይሶ-አልፋ አሲድ ይሆናሉ። ይህ ለውጥ አይሶመራይዜሽን ይባላል። የቢራን መራራነት በዋናነት የሚሰጡት እነዚህ የተለወጡ አሲዶች ናቸው። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያን በመግታትም ቢራው ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ይረዳሉ። ስለዚህ ሆፕን እንደ ጌሾ በቀዝቃዛ ፈሳሽ መዘፍዘፍ መዓዛ ይሰጣል እንጂ የሚፈለገውን መራራነት አይሰጥም።

ተናኝ ዘይቶቹ ተቃራኒ ጠባይ አላቸው። ማይርሲን፣ ሊናሉልና ሌሎችም መዓዛ ሰጪ ውህዶች ከእንፋሎት ጋር ይሄዳሉ። አንድ ሰዓት የተቀቀለ ሆፕ መራራነቱን ሰጥቶ መዓዛውን ያጣል። የሆፕ አጠቃቀም ጥበብ በአጭሩ ይህን ተቃርኖ በጊዜ ማስታረቅ ነው።

3. የተጠናከረ ወርት ችግር

የመራራነት መጠን የሚለካው በዓለም አቀፍ የመራራነት አሃድ ሲሆን፣ አንድ አሃድ በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ ካለ አንድ ሚሊግራም አይሶ-አልፋ አሲድ ጋር በግምት እኩል ነው። ከገባው አልፋ አሲድ ውስጥ ወደ አይሶ-አልፋ አሲድ ተለውጦ በመጠጡ የሚቀረው ክፍል የአጠቃቀም ምጣኔ ይባላል። ምጣኔውን ለመገመት የቤት ውስጥ ጠማቂዎች በብዛት የሚጠቀሙበት የቲንሴት ቀመር ሁለት ነገሮችን ያገናዝባል፤ እነርሱም የመቀቀያ ጊዜና የወርቱ አንጻራዊ እፍጋት ናቸው። እፍጋቱ በጨመረ ቁጥር ምጣኔው ይቀንሳል።

የቤት ውስጥ ጠማቂው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የወጥ ቤት ድስትና ምድጃ 20 ሊትር ለመቀቀል ስለማይበቃ፣ ኤክስትራክቱን በሙሉ በ10 ሊትር ውኃ ቀቅሎ በኋላ በንጹሕ ውኃ ወደ 20 ሊትር ማሳደግ የተለመደ ነው። ለምሳሌ 2.7 ኪሎ ግራም የደረቀ ኤክስትራክት በ20 ሊትር ውስጥ 1.050 ገደማ እፍጋት ይሰጣል፤ ይህም ለፔል ኤል ተገቢ ነው። በ10 ሊትር ሲቀቀል ግን እፍጋቱ ወደ 1.100 ይጠጋል።

በዚህ ድስት 6 በመቶ አልፋ አሲድ ያለው 30 ግራም ካስኬድ ለ60 ደቂቃ ቢቀቀል፣ የገባው አልፋ አሲድ 1800 ሚሊግራም ነው፤ ለ20 ሊትር ሲካፈል በሊትር 90 ሚሊግራም ይሆናል። ቀመሩ በ1.100 እፍጋት 14.7 በመቶ ምጣኔ ስለሚሰጥ የሚገኘው መራራነት 13 አሃድ ብቻ ነው። ለአሜሪካ ፔል ኤል የሚጠበቀው ከ30 እስከ 50 አሃድ ስለሆነ ቢራው ጣፋጭ መስሎ ይሰማል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከኤክስትራክቱ አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም 0.9 ኪሎ ግራም ብቻ ከመጀመሪያው ይቀቀላል፤ የድስቱ እፍጋት 1.033 ገደማ ይሆናል። በዚህ እፍጋት ምጣኔው ወደ 26.9 በመቶ ከፍ ስለሚል ያው 30 ግራም ሆፕ 24 አሃድ ይሰጣል። ቀሪው 1.8 ኪሎ ግራም መቀቀሉ ሲያበቃ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ገብቶ እየተማሰለ ይሟሟል። እሳቱ መጥፋቱ ወፍራሙ ኤክስትራክት ከድስቱ ሥር ተጣብቆ እንዳያር ያደርጋል፤ የወርቱ ትኩሳትም ጀርሞችን ለመግደል ይበቃል። የዘገየው ኤክስትራክት ለረጅም ጊዜ ስለማይቀቀል ቀለሙም አይጠቁርም። በአንድ እርምጃ የመራራነቱም የቀለሙም ችግር ይቃለላል።

4. የመጨመሪያ ጊዜ

የአይሶመራይዜሽን ፍጥነት ከጅምሩ ከፍተኛ ሆኖ እያደር ይቀንሳል። በቀመሩ መሠረት በ1.033 እፍጋት የ15 ደቂቃ መቀቀል 13 በመቶ፣ የ30 ደቂቃ 21 በመቶ፣ የ60 ደቂቃ 27 በመቶ ገደማ ምጣኔ ይሰጣል። ከአንድ ሰዓት በላይ መቀቀል የሚያስገኘው ተጨማሪ መራራነት አነስተኛ ነው።

ከዚህ በመነሳት ለ20 ሊትር ፔል ኤል ሦስት ደረጃ ያለው አጨማመር ይመከራል።

ሀ. ለመራራነት፦ 30 ግራም፣ ለ60 ደቂቃ፤ 24 አሃድ ገደማ።
ለ. ለጣዕም፦ 30 ግራም፣ መቀቀሉ ሊያበቃ 10 ደቂቃ ሲቀረው፤ 9 አሃድ ገደማ።
ሐ. ለመዓዛ፦ 30 ግራም፣ ኃይለኛው መብላላት ካለፈ በኋላ በቀዝቃዛው ቢራ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን።

ድምሩ 33 አሃድ ያህል ነው። የ«ሐ» ሆፕ በመራራነት ስሌት አይገባም። እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቢገባ የሚወጣው ጋዝ መዓዛውን ይዞ ይሄዳል። ክዳኑ ሲከፈት ብዙ አየር ቢገባ ደግሞ ኦክስጅን መዓዛውን ያደበዝዛል። ስለዚህ አጨማመሩ ፈጣንና ጥንቃቄ የተሞላበት መሆን አለበት።

5. የቦታ ከፍታ

ከላይ የተሰጡት አሃዞች ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላበትን ቦታ ታሳቢ ያደርጋሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ድስቱ ቢንተከተክም ትኩሳቱ ያው አይደለም። የአይሶመራይዜሽን ፍጥነት ደግሞ ለትኩሳት እጅግ ስሱ ነው፤ በ10 ዲግሪ ልዩነት ከእጥፍ በላይ ይለያያል። በ92 ዲግሪ ፍጥነቱ በ100 ዲግሪ ከሚሆነው ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ይህን ቅነሳ በቲንሴት ቀመር የጊዜ ክፍል ውስጥ ብናስገባ፣ በ1.033 እፍጋት የ60 ደቂቃው ምጣኔ ከ26.9 ወደ 20.7 በመቶ፣ መራራነቱም ከ24 ወደ 19 አሃድ ይወርዳል። የ10 ደቂቃው ሆፕ የበለጠ ይጎዳል፤ ከ9 አሃድ ወደ 5 ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ 33 አሃድ የሚለው ቢራ በአዲስ አበባ 24 አሃድ ገደማ ይሆናል። ጠማቂው ልዩነቱን ለመሙላት የመጀመሪያውን ሆፕ ከ30 ወደ 45 ግራም ማሳደግ ይችላል፤ ይህ የጎደለውን 9 አሃድ ይተካል። በኮሎራዶ ግዛት የምትገኘው ዴንቨር 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት፣ እዚያ ለሚኖሩ ጠማቂዎችም መርሑ በመለስተኛ ደረጃ ይሠራል።

ይህ ስሌት ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። ቀመሩ የተቀመረው ለዚህ ከፍታ ስላልሆነ ውጤቱ በቤተ ሙከራ መረጋገጥ ይኖርበታል።

6. የሆፕና የኤክስትራክት አያያዝ

ትክክለኛ ስሌት ያረጀን ሆፕ አያድንም። አልፋ አሲድ በሙቀትና በአየር እየተበላሸ ስለሚሄድ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው መቶኛ የሚሠራው በአግባቡ ለተቀመጠ ሆፕ ብቻ ነው። ሆፕ አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ በማቀዝቀዣ በረዶ ክፍል ሊቀመጥ ይገባል፤ የአይብ ሽታ ያመጣ ሆፕ ለፔል ኤል አይሆንም። ፈሳሽ ኤክስትራክትም በቆየ ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል፤ የደረቀው ግን እርጥበት ካልነካው የተሻለ ይቆያል። የተጠናቀቀው ቢራ ደግሞ ከብርሃን መጠበቅ አለበት። ብርሃን አይሶ-አልፋ አሲድን ሰባብሮ በጥቂት መጠን እንኳ የሚሰማ መጥፎ ሽታ ይፈጥራል። ቡናማ ጠርሙስ ከግልጽና ከአረንጓዴ ጠርሙስ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

7. ማጠቃለያ

በኤክስትራክት የሚጠመቅ ፔል ኤል የሚደርስበት የመራራነት ጉድለት ከሁለት ሊስተካከሉ ከሚችሉ ምክንያቶች ይመነጫል፤ ከተጠናከረ ወርትና ከዝቅተኛ የመቀቀያ ትኩሳት። ለመጀመሪያው የኤክስትራክቱን ሁለት ሦስተኛ ማዘግየት፣ ለሁለተኛው የመጀመሪያውን ሆፕ መጠን ማሳደግ በቂ መልስ ናቸው። ሁለቱም አዲስ ዕቃ አይጠይቁም፤ ሚዛን፣ ሰዓትና ቴርሞሜትር ያለው ሰው ሊሠራባቸው ይችላል።

ለቀጣይ ምርምር የሚቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ተመሳሳይ ወርት በደጋና በቆላ ከተማ በተመሳሳይ ሆፕ ተቀቅሎ፣ መራራ ንጥረ ነገሩ በአይሶ-ኦክቴን ተለይቶ በ275 ናኖሜትር የብርሃን መምጠጥ መጠኑ ይለካ፤ የተገኘው ንባብ በ50 ሲባዛ የመራራነት አሃዱን ይሰጣል። መሣሪያው በአብዛኛው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የሚገኝ ስለሆነ ጥናቱ በአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አቅም የሚከናወን ነው። ውጤቱም ከቤት ውስጥ ጠማቂው አልፎ በደጋ ለሚሠሩ የቢራ ፋብሪካዎች የሆፕ ወጪ ስሌት ይጠቅማል።