ቤት ሲቀየር የቤት ሥራውስ?



ውድ እህትና ወንድሞች! «የቤት ሥራ የሴት ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። ዛሬ በጁሙዐችን አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ የት ያለ ቤት?

የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) የትዳር ሕይወቷን ራሷ ተርካዋለች፤ ቡኻሪም ዘግበውታል። ዙበይርን ስታገባ ከአንድ ፈረስና ውኃ ከሚሳብበት ግመል በቀር ሀብት አልነበረውም። ፈረሱን ትቀልባለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ሊጥ ታቦካለች። ሁለት ሦስተኛ ፈርሰኽ (ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ) ከሚርቀው መሬቱ የተምር ዘር በአናቷ ተሸክማ ትመጣለች። ዳቦ መጋገር ግን አትችልበትም ነበር። ማን ጋገረላት? የአንሷር ጎረቤቶቿ! በኋላም አባቷ ፈረሱን የሚንከባከብ አገልጋይ ሲልኩላት፣ ከባርነት ነፃ የወጣች ያህል ቀለላት።

ልብ በሉ! ሸክሙ ሲከብድ ጎረቤትም አባትም ገቡበት። የእኛም ገጠር እንዲሁ ነው። ሥራው ከባድ ነው፤ ግን አማት አለች፣ የባል እህት አለች፣ ጎረቤት አለች። ያቺው ሴት አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ወይም አሜሪካ አፓርታማ ስትገባስ? ዕቃው ይጫናል፤ የሚያግዙት እጆች ግን አይጫኑም። በዚያ ላይ እሷም ሥራ ውላ ትመጣለች። ማታ እሱ ሶፋ ላይ፣ እሷ ማድቤት ከሆነች፣ የብዙ ሰው ሥራ አንድ ሰው ላይ ወድቋል። ይህ ባህል መጠበቅ አይደለም፤ መተጋገዙን ጥሎ ሸክሙን ብቻ ይዞ መምጣት ነው።

ዑለማዎች ሚስት የቤት ሥራ ግዴታዋ ስለመሆኑ ተለያይተዋል። ብዙዎቹ የኒካሕ ውሉ አያስገድዳትም ሲሉ፣ ሌሎቹ በአካባቢው ዑርፍ (ልማድ) ልክ ይጠበቅባታል ብለዋል። ዑርፍ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዑመርም (ረ.ዐ) የመካ ሴቶች መዲና ሲገቡ ከአንሷር ሴቶች አዲስ ጠባይ እንደተማሩ ተናግረዋል።

ታዲያ አንዳንዱ ወንድማችን ውጭ አገር ሰሃን ያጥባል፤ ለእረፍት ሲመጣ ግን እናቱ ፊት ብርጭቆ አያነሳም። ምኑ ነው የሚያሳፍረው? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ የሶላት ወቅት ሲደርስም ወደ ሶላት እንደሚወጡ ነግራናለች። የመዲና መሪ ሆነው ነው ይህን ያደረጉት። ሰሃን የሚያጥበው ወንድም ፈረንጅ አልሆነም፤ ሱና እየሠራ ነው።

ዛሬ ከጁሙዐ በኋላ ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ በሉና ሥራዎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። «ይህን አገር ቤት ማን ማን ያግዝ ነበር? እዚህስ ማን ያግዛል?» በሉ። ክፍት ሆኖ የተገኘውን ቦታ ባል ይሙላው።

አላህ ቤቶቻችንን የእዝነትና የመተጋገዝ ቤት ያድርግልን። አሚን!

ጁሙዐ ሙባረክ!