ጀልባዋ ሞልታለችን?

ለማኅበረ ምእመናን የጥናት ጊዜና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በዚህ ትምህርት ወደ አንዲት ትንሽ አገር፣ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ልንወስዳችሁ እንወዳለን። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ብዙ ወገኖቻችን በዚያ ይኖራሉ። ሁለተኛው፣ በዚያች አገር ስለ መጻተኛ የሚወሰነው ነገር ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በተራው ሰው እጅ ነው። በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ መቶ ሺህ ፊርማ ያሰባሰበ ወገን፣ ሕገ መንግሥቱ እንዲለወጥ ሕዝቡን በድምፅ ሊያስጠይቅ ይችላል። ገበሬው፣ አስተማሪዋ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ስለ እንግዳው የሚያስቡትን በወረቀት ላይ ምልክት አድርገው ይሰጣሉ። የሕዝብ ልብ በስደተኛው ላይ እንዴት እንደሚጠብና እንዴት እንደሚሰፋ ለማጥናት ለፈለገ ሰው ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን የምንጀምረው ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ነው። ኦገስት 30 ቀን 1942 እሑድ ነበረ። በዙሪክ ከተማ፣ ኦርሊኮን በተባለው ሰፈር፣ በሺህ የሚቈጠሩ የፕሮቴስታንት ወጣቶች በአንድ ትልቅ አዳራሽ ተሰብስበው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት መንግሥት ድንበሩን ዘግቶ፣ በዘራቸው ምክንያት ብቻ የሚሸሹ ሰዎች እንደ ፖለቲካ ስደተኛ እንዳይቈጠሩ አዝዞ ነበር። በግልጽ ለመናገር፣ የታሰቡት አይሁድ ነበሩ። በዚያ ዕለት የፍትሕና የፖሊስ ሚኒስትሩ ኤዱዋርድ ፎን ሽታይገር ለወጣቶቹ ንግግር አደረጉ። አገራቸውን አስቀድማ በሰው ብዛት በተጨነቀች፣ ስንቋም በተወሰነ ትንሽ የሕይወት ማዳኛ ጀልባ መሰሏት፤ ዙሪያዋን በባሕር የሚሰጥሙ ብዙዎች ይጮኻሉ፤ ሁሉን መጫን አይቻልም አሉ። «ጀልባዋ ሞልታለች» የሚለው አነጋገር ከዚያ በኋላ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ሆነ።

በዚያው ስብሰባ የባዝል ከተማው ፓስተር ቫልተር ሉቲ ሰብከው ነበር። ስደተኞቹን ከድንበር መመለስ ፍቅር የጎደለው፣ ግብዝነትም ያለበት ሥራ መሆኑን ሳይፈሩ ተናገሩ። ጌርትሩድ ኩርስ የተባሉት፣ በኋላ የስደተኞች እናት የተባሉ ሴት ደግሞ በዚያው ወር ሚኒስትሩን በዕረፍት ካሉበት ስፍራ ድረስ ሄደው ስለ ስደተኞቹ ለመኗቸው። ከተቃውሞው የተነሣ ትእዛዙ ለጥቂት ጊዜ ላላ፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን እንደ ገና ጠበቀ።

ለሚኒስትሩም ቢሆን ፍትሕ መስጠት ይገባናል። አገሪቱ በጠላት ኃይል ተከባ ነበር፤ ምግብ በካርድ ይታደል ነበር፤ የሕዝቡም ፍርሃት የማስመሰል አልነበረም። በጦርነቱ ዘመን 51 ሺህ ያህል ሲቪል ስደተኞችን ተቀብላለች፤ ከእነዚህም 21 ሺህ ያህሉ አይሁድ ነበሩ። ነገር ግን በመንግሥት የተቋቋመውና በታሪክ ምሁሩ በዣን ፍራንሷ ቤርዥዬ የተመራው የምርመራ ኮሚሽን በ2002 የመጨረሻ ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ከድንበር እንደ ተመለሱ ገለጸ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቍጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። ይሁን እንጂ ኮሚሽኑ ጀልባዋ ሞልታ እንዳልነበረ አሳይቷል፤ ባለ ሥልጣኖቹም የሚመለሱት ሰዎች ምን እንደሚጠብቃቸው አስቀድሞ መረጃ ነበራቸው። በሳንክት ጋለን የፖሊስ አዛዥ የነበሩት ሻምበል ፓውል ግሩኒንገር ወረቀት እያስተካከሉ ብዙ አይሁድን በማስገባታቸው በ1939 ከሥራ ተባረሩ፤ በ1940 ተፈረደባቸው። ፍርድ ቤት ነጻ ያላቸው በ1995 ሲሆን፣ እርሳቸው ግን ከሞቱ 23 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

አሁን አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንለምናለን። ያቺው አገር በ1956 የሶቪየት ጦር ሃንጋሪን በረገጠ ጊዜ ሌላ ሆና ተገኘች። ኖቬምበር 20 ቀን የቤተ ክርስቲያን ደወሎች ተደወሉ፤ መኪናውም እግረኛውም በየመንገዱ ቆሞ ለሦስት ደቂቃ ጸጥ አለ። ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ሃንጋሪያውያን በአበባና በቸኮላት ገቡ። በ1968 ቼኮስሎቫኪያውያን ሲመጡም እንዲሁ ሆነ። በ1973 ቺሊ ውስጥ ወታደሮች ሥልጣን ይዘው ሰው ሲሸሽ ግን መንግሥት አስቀድሞ የፈቀደው 200 ቦታ ብቻ ነበር። የሃንጋሪው ሰው ከኮሙኒስቶች ሸሸ፤ የቺሊው ሰው ግን ራሱ ኮሙኒስት ይሆናል ተብሎ ተጠረጠረ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ቄሶች፣ ቤተሰቦችና አጥቢያዎች «እኛ ዘንድ አልጋ አለ» ብለው ቦታ አስመዘገቡ፤ መንግሥትም በ1974 ለቺሊያውያን ቪዛ አስፈላጊ እንዲሆን አደረገ። የአገሪቱ ስፋት በእነዚህ ዓመታት አልተለወጠም። የተለወጠው እንግዳው ማን ነው የሚለው ነው።

ስደተኛ ያልሆነው የውጭ አገር ሰውም ከዚህ አላመለጠም። ጁን 7 ቀን 1970 በየካንቶኑ የውጭ አገር ሰው ቍጥር ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ የሚጠይቅ ሐሳብ ለሕዝብ ቀረበ። ጄኔቭ ብቻ ከፍ ያለ ወሰን ተፈቅዶላት ነበር። ቢያልፍ ኖሮ ከ300 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች፣ ይልቁንም ጣልያናውያን ሠራተኞች፣ አገር ለቀው በወጡ ነበር። 54 በመቶው እምቢ፣ 46 በመቶው እሺ አለ። ድምፅ የሰጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ሴቶች በፌዴራል ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በሚቀጥለው ዓመት ነው። መንገዱንና ግድቡን የሠሩት እነዚያ የወቅት ሠራተኞች ቤተሰብ ማምጣት አይፈቀድላቸውም ነበር። ስለዚህ ብዙ ሕፃናት በድብቅ ገብተው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅ እንዳያሰሙ እየተነገራቸው፣ ቀኑን በተዘጋ ክፍል ያሳልፉ ነበር። አሳዳጊ የሆነ ሁሉ ይህን ለአንድ አፍታ ቢያስበው ይበቃል።

ፍርሃትና ቅርበት

በ2009 የመስጊድ ሚናሬት እንዳይሠራ የሚከለክል ሐሳብ በ57.5 በመቶ ድምፅ አለፈ። በአገሪቱ በሙሉ የነበሩት ሚናሬቶች አራት ብቻ ነበሩ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2014 ደግሞ የውጭ ሰዎችን ብዛት ለመገደብ የቀረበው ሐሳብ በ50.3 በመቶ፣ ማለትም በሃያ ሺህ ገደማ ድምፅ ብልጫ፣ አለፈ። ውጤቱ በካርታ ላይ ሲታይ የሚያስገርም ነበር። የውጭ አገር ሰው የበዛባቸው ዙሪክ፣ ጄኔቭና ባዝል እምቢ ብለው፣ የውጭ ሰው እምብዛም የማይታይባቸው ብዙ የገጠር መንደሮች እሺ አሉ። ከጣልያን ጋር የሚዋሰነው ቲቺኖ ግን ከዚህ ልማድ ይወጣል፤ በየቀኑ ድንበር ተሻግሮ ለሥራ የሚመጣውን ሰው ብዛት እያየ በ68 በመቶ እሺ አለ። ስለዚህ «ፍርሃት ሁሉ የድንቍርና ነው» ብሎ ማለፍ ስሕተት ይሆናል።

እዚህ ላይ ሕዝቡ ሁለት ነገሮችን ይቀላቅላል። ባቡሩ ተጨናነቀ፣ የቤት ኪራይ ናረ የሚለው አቤቱታ እውነት አለው። ነገር ግን ወደ ስዊዘርላንድ የሚገቡት አብዛኞቹ ከጀርመን፣ ከጣልያን፣ ከፖርቱጋልና ከፈረንሳይ በሥራ ውል የሚመጡ እንጂ ጥገኝነት ጠያቂዎች አይደሉም። ጀርመናዊው ሐኪም በጎዳና ላይ አይለይም። ሥራ ፈትቶ በባቡር ጣቢያ የሚቆመው ጥቁር ወጣት ግን ለዓይን ይታያል። ያ ወጣት በፌዴራል ማዕከል ባለበት ጊዜ እንዲሠራ ሕጉ አይፈቅድለትም፤ የሚኖርበትንም ካንቶን የሚመርጥለት መሥሪያ ቤት ነው። ሕጉ ያቆመውን ሰው አላፊው ሰነፍ ይለዋል።

ወደ ወገኖቻችን ጉዳይ እንምጣ። ከ2006 ገደማ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በስዊዘርላንድ ጥገኝነት ከጠየቁት መካከል ኤርትራውያን አብዛኛውን ጊዜ አንደኛ ነበሩ። በ2015 ከቀረቡት 39,523 ማመልከቻዎች ውስጥ 9,966ቱ የእነርሱ ነበሩ። ብዙዎቹ የሸሹት ማብቂያው ከማይታወቅ ብሔራዊ አገልግሎት ነው። ፓርላማው በ2012 ሕጉን በአስቸኳይ አሻሻለ፤ ከውትድርና መሸሽ ብቻውን ሰውን ስደተኛ አያሰኝም አለ። በዚሁ ሕግ በኤምባሲ በኩል ጥገኝነት መጠየቅም ቀረ። ጁን 9 ቀን 2013 ሕዝቡ ይህን በ78.4 በመቶ አጸደቀው።

የመጀመሪያው አንቀጽ ብዙ ተወራለት፤ በተግባር ግን ወዲያው ያስከተለው ለውጥ ጥቂት ነበር። እኛን ይበልጥ የሚያሳዝነን ሁለተኛው ነው። እስከዚያ ድረስ በካርቱም ወይም በአዲስ አበባ ያለች እናት ወደ ስዊዘርላንድ ኤምባሲ ሄዳ ማመልከት ትችል ነበር። ያ በር ሲዘጋ የቀረላት በሊቢያ በረሃና በባሕር ያለው መንገድ ነው። በዚያው ዓመት፣ ኦክቶበር 3 ቀን፣ በላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። እነዚያ ሰዎች በዚህ ድምፅ ምክንያት ሰጠሙ አንልም፤ እንዲህ ማለት ሐሰት ይሆናል። ድምፁን የሰጡት ሰዎችም ክፉዎች አልነበሩም፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ እሑድ ጠዋት በአምልኮ ላይ ይገኛሉ። ነገር ግን የኤምባሲው በር ለማን ይጠቅም እንደ ነበረ ከእነርሱ ስንቱ ያውቅ ነበር?

ማመልከቻቸው ውድቅ የሆነባቸው ኤርትራውያን በግዳጅ አይመለሱም፤ የአገራቸው መንግሥት በኃይል የሚመለሰውን አይቀበልምና። ስለዚህ አንዳንዶቹ ለዓመታት በቀን አሥር ፍራንክ ገደማ በሚሆን የነፍስ ማቆያ እርዳታ፣ መሥራትም ሳይፈቀድላቸው ይኖራሉ። በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ በዙሪክ አጠገብ በኦፕፊኮን የኤርትራ መንግሥት ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች በመንገድ ላይ ተደባደቡ። በዚህ የሸሸገው ሰው የለም፤ እኛም ልንሸሽገው አንወድም። ሰላም ወዳድ የሆነው ስደተኛ ስሙ በዚያ ቀን ከሌሎቹ ጋር አብሮ ጠፋ።

በማርች 2022 ዩክሬናውያን ሲሸሹ መንግሥት «ኤስ» የተባለውን የጥበቃ ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ አዋለ። ወዲያው መሥራት፣ ቤተሰብ ማስመጣት፣ ወደ ውጭ መጓዝ ተፈቀደላቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ባቡሩም ነጻ ነበር፤ ብዙ ሰው በገዛ ቤቱ አሳደራቸው። መልካም ሥራ ነው፤ ደስ ብሎናል። በዚያው ዓመት ግን ከሶርያ ወይም ከአፍጋኒስታን ጦርነት ሸሽቶ «ኤፍ» የተባለውን ጊዜያዊ ፈቃድ ያገኘ ሰው ልጆቹን ለማምጣት ዓመታት መጠበቅ ነበረበት፤ ያውም የመንግሥት እርዳታ የማይቀበል ከሆነ ነው። የ1956ቱና የ1973ቱ ነገር ተመልሶ መጣ።

ልብ ግን በአንድ ቦታ ተቸንክሮ አይቀርም። በ2014 እሺ ያለው ያው ሕዝብ ጁን 5 ቀን 2016 ለጥገኝነት ጠያቂ ነጻ የሕግ ጠበቃ የሚሰጠውን ሕግ በ66.8 በመቶ ተቀበለ። በዚያው ዓመት ኦበርቪል ሊሊ የተባለች ሀብታም መንደር አሥር ስደተኞችን ከመቀበል ገንዘብ መክፈልን መረጠች፤ ግን በጥቂት ድምፅ ብልጫ ብቻ ነበር። ከነዋሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ይምጡ ብለው ነበር።

የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላቸው። የስደተኛው ቍጥር ከነዋሪው ጋር በሚተካከልበት በጋምቤላ፣ ስለ ማገዶና ስለ ውኃ የሚነሣው ቅሬታ ከዙሪክ የቤት ኪራይ ይልቅ የከበደ ነው። በዚያ ቅርበት ብቻውን ፍቅርን አያመጣም፤ ጉድጓዱ ለሁለቱም ወገን ሲቈፈር ነው ነገሩ የሚረግበው። ይህን ለካምፕ ብቻ እርዳታ የሚያቅድ ሁሉ ሊያስበው ይገባል።

ለውይይት እንዲረዳ፣ በስዊዘርላንድ ያላችሁ ማኅበሮች መንግሥት ከእያንዳንዱ ድምፅ በፊት ለየቤቱ የሚልከውን ቀይ ትንሽ መጽሐፍ አምጥታችሁ አብራችሁ አንብቡ። ዜግነት ያገኘ ወንድም ወይም እኅት በመካከላችሁ ካለ፣ ድምፁን ሲሰጥ ምን እንደሚያስብ ይናገር። ገና ወረቀት ያልደረሰውም ይናገር። በአገር ቤት ያላችሁ ደግሞ በሰፈራችሁ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ ወይም ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ስሙንም የሚያውቅ ከመካከላችሁ ስንት ሰው እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን ጽፋችሁ ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን።