የጽሕፈት ቤታችንን ኮምፒውተር ከሙቀት መጠበቅ



ቀድሞ በመዝገብ ብቻ ይያዝ የነበረው የአጥቢያ ሰነድ በአሁኑ ጊዜ በብዙ ቦታ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። የክርስትናና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የምእመናን ምዝገባ፣ የዐሥራትና የአስተዋጽኦ ገቢ፣ የንዋያተ ቅድሳት ዝርዝር፣ የልማት ሥራ ሪፖርት ሁሉ በአንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ይህም ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ከምእመናን በተሰበሰበ ገንዘብ የተገዛ ወይም በጎ አድራጊ ያበረከተው ብቸኛ መሣሪያ ነው። እንደ ጋምቤላ፣ መተማ፣ ሁመራና ሰመራ ባሉ ቆላማ ቦታዎች በሞቃት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚደርስ መሣሪያው ያለ ዕድሜው ያረጃል፤ ሰነዱም አብሮት ሊጠፋ ይችላል።

በዚህ ትምህርት ልናስጨብጥ የምንፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ኮምፒውተርን ከሙቀት የሚጠብቀው በመጀመሪያ ውድ ዕቃ ሳይሆን ለአየር የተከፈተ መንገድ ነው። ይህንንም መንገድ ለመክፈት የሚያስፈልገው ተስማሚ ቦታ፣ ለስላሳ ብሩሽና በኃላፊነት የሚከታተል ሰው ነው።

1. ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ኮምፒውተር ከኤሌክትሪክ መስመር የሚወስደው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ባለ 100 ዋት አምፖል በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሲበራ ቢውል ሣጥኑ ምን ያህል እንደሚግል ብናስብ ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል። በተለምዶ «ሲፒዩ» እያልን በምንጠራው ሣጥን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚግለው ፕሮሰሰሩ ነው። በላዩም ሙቀቱን የሚቀበል ባለ ብዙ ክንፍ ብረትና ሙቀቱን የሚያባርር ፋን ይገኛል። ፓወር ሰፕላዩም የራሱ ፋን አለው።

እዚህ ላይ በደንብ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ፋን ብርድ አይፈጥርም፤ የጋለውን አየር አስወጥቶ የክፍሉን አየር ያስገባል እንጂ። ስለዚህ የሣጥኑ ውስጥ ከክፍሉ ይበልጥ ሊቀዘቅዝ አይችልም። ብዙ አምራቾች ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚፈቅዱት የክፍል ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው። ክፍሉ 40 ዲግሪ ከሆነ መሣሪያው ሥራውን የሚጀምረው ገና ከመነሻው ከተፈቀደለት በላይ በሆነ ሙቀት ነው ማለት ነው።

ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ካልበረደለት ደግሞ ኮምፒውተሩ በድንገት ይጠፋል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ «ቫይረስ ገብቶበታል» ብለው ለጥገና ገንዘብ ያወጣሉ። መለያው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ጠዋት በ2 ሰዓት በደንብ ሠርቶ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚንቀራፈፍ፣ ፋኑም ከወትሮው በላይ የሚጮኽ ከሆነ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ሙቀት ነው።

ይሁን እንጂ ትልቁ ጉዳት ፈጥኖ የማይታየው ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱን ይጠብቃል፤ ሃርድ ዲስኩና በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ግን እንደ እርሱ ራሳቸውን አይጠብቁም። ባለሙያዎች እንደሚገምቱት ካፓሲተር የሚሠራበት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለሆነም ኮምፒውተሩ «እየሠራ ነው» ማለት «ደኅና ነው» ማለት አይደለም።

ደጋማ አጥቢያዎችም ይህ አይመለከተንም ሊሉ አይገባም። ከፍታ በጨመረ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን ተሸክሞ የማውጣት ዐቅሙ ይቀንሳል። አቧራውም በደጋም በቆላም አለ።

2. ክፍሉንና ቦታውን ማስተካከል

ጥበቃው የሚጀምረው ከክፍሉ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በቀትር እንደ ምጣድ ይግላል። ስለዚህ ገንዘብ ሲገኝ በቅድሚያ ኮርኒስ ማሠራት ይገባል፤ ሰውንም መሣሪያንም ይጠቅማልና። የቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቢ በዛፎቹ የታወቀ ስለሆነ ብዙ ክፍሎች ካሉ ጥላ ያረፈበትን፣ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታውንና በሁለት በኩል መስኮት ያለውን ለጽሕፈት ቤት መምረጥ መልካም ነው።

ሣጥኑ ከግድግዳ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ የጋለው አየር የሚወጣው በጀርባው ነውና። በወለል ላይም አይቀመጥ። ክፍሉ በተጠረገ ቁጥር አቧራው ወለል ለወለል ስለሚሄድ ሣጥኑን በትንሽ ጠረጴዛ ወይም በጠንካራ በርጩማ ላይ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከስርቆት ለመጠበቅ ተብሎ በቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፉም የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ የጣውላውን በር በጠንካራ የሽቦ መረብ መለወጥ፣ ጀርባውንም መክፈት ከሌባም ከሙቀትም ይጠብቃል።

በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ኮምፒውተሩ በሚያምር የጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ እንመለከታለን። ይህ ለንብረቱ ያለንን ክብር ያሳያል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ ጨርቁ በላዩ ከቀረ አየሩን ያፍነዋል። ልብሱ ከመክፈት በፊት ይነሣ፤ ከተዘጋም በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሣጥኑ ሲበርድ ይልበስ።

ቬንትሌተር በተዘጋ ክፍል ውስጥ የጋለውን አየር ከማገላበጥ በቀር ሙቀቱን አይቀንስም። በተከፈተ መስኮት አጠገብ ሆኖ የማለዳውን ቀዝቃዛ አየር ሲያስገባ ግን ይጠቅማል። ወለልን ውኃ መርጨትም በደረቅ አየር ጥቂት ያበርዳል፤ አቧራውንም ያሲዛል። አየሩ እርጥበት ባዘለበት ወቅት ግን እርጥበት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። የኤሌክትሪክ ገመድ ባለበት ስፍራ ደግሞ ፈጽሞ አይረጭ።

3. አቧራን የማጽዳት ሥርዓት

አቧራ በክንፈ ብዙው ብረት ላይ ሲጋገር መሣሪያው በሙቀት ቀን ጋቢ እንደ ለበሰ ሰው ይሆናል። የዕጣንና የጧፍ ጢስ ሲጨመርበት አቧራው ይጣበቃል፤ በቀላሉም አይለቅም። ስለዚህ ዕጣን ከሚጤስበትና ጧፍ ከሚበራበት ቦታ ኮምፒውተሩን ማራቅ ይገባል። ጽዳቱም እንደሚከተለው ይፈጸም።

ሀ. ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ዘግቶ ገመዱን ከሶኬት መንቀል፤ ከዚያም የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፤ የቀረው ኃይል ይወጣ ዘንድ።

ለ. ሣጥኑን ወደ ውጭ ጥላ ወዳለበት ማውጣትና የጎን ክዳኑን መክፈት። ውስጡን ከመንካት በፊትም የሣጥኑን ብረት በእጅ መንካት፤ በሰውነታችን ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ክፍሎቹን እንዳይጎዳ ነው።

ሐ. ለስላሳና ደረቅ በሆነ አዲስ የቀለም ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ፤ ብሎወር ካለም ከውስጥ ወደ ውጭ መንፋት። በሚነፋበት ጊዜ የፋኑን ክንፍ በጣት ይዞ ማቆም ያስፈልጋል፤ ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላልና።

መ. እርጥብ ጨርቅ አለመጠቀም፣ በአፍም አለመንፋት። ፓወር ሰፕላዩን መክፈት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል በውስጡ ሊቆይ ይችላል።

ሠ. ክዳኑን መልሶ መግጠምና ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፋኖቹ ሁሉ መዞራቸውን ማረጋገጥ።

አንዳንዶች «እንዲተነፍስ» በማለት ክዳኑን ከፍተው ይተዉታል። ፋን እስኪለወጥ ለጥቂት ቀን ካልሆነ በቀር ይህ አይመከርም። አየሩ የተሠራለትን መንገድ ይስታል፤ አቧራ፣ ጉንዳንና እንሽላሊትም በቀላሉ ይገባሉ።

ጽዳቱን በአራቱ ወቅቶች፣ ማለትም በመፀው፣ በበጋ፣ በፀደይና በክረምት መግቢያ ማድረግ ለማስታወስ ይመቻል። አቧራ በሚበዛበት አካባቢ ግን በየወሩ ይሁን። ከጽዳት በኋላም ሙቀቱ ካልቀነሰ በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለው ተርማል ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል። ባለሙያ የቀድሞውን ጠርጎ የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ያድርግበት።

4. የሥራ ሰዓትና መሣሪያ አያያዝ

የቀኑ ሙቀት የሚበረታው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰነድ ስካን ማድረግን፣ ቪዲዮ ማቀናበርንና ይህን የመሰለውን ከባድ ሥራ ወደ ጠዋት ማምጣት፣ ማንም በማይሠራበት ጊዜም ኮምፒውተሩን መዝጋት ያስፈልጋል። የፕሮሰሰሩን ሙቀት ለማወቅ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ከተሠራ በኋላ ሪስታርት አድርጎ ባዮስ በተባለው የመነሻ ገጽ ማንበብ ይቻላል። ንባቡ ከወትሮው ከፍ ካለ ጽዳቱን አለማዘግየት ነው።

የዩፒኤስ ባትሪ ከኮምፒውተሩም ይልቅ ሙቀትን ይፈራል። ዕድሜው የሚለካው በ25 ዲግሪ ሲሆን ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር በግማሽ ያህል ያጥራል። ስለዚህ ዩፒኤሱ የጋለ አየር በሚወጣበት በኮምፒውተሩ ጀርባ አይቀመጥ። አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ለሚያስቡም ለጽሕፈት ሥራ ጥቂት ኃይል የሚወስደውንና በሃርድ ዲስክ ፈንታ ኤስኤስዲ ያለውን እንዲመርጡ እንመክራለን።

5. ከሁሉ በላይ ሰነዱ

ሙቀትን መቀነስ ይቻላል፤ ፈጽሞ ማጥፋት ግን አይቻልም። ኮምፒውተር ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። የጠፋ የክርስትና መዝገብ ግን በገንዘብ አይመለስም፤ ልጁን ያጠመቁት አባት ያረፉ፣ የክርስትና አባቱም አገር የለቀቁ ሊሆኑ ይችላሉና። ስለዚህ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን የሰነዱ ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ይወሰድ፤ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ባለ ሌላ ቤትም በጥላ ቦታ ይቀመጥ። ዋና ዋና መዝገቦች ደግሞ ታትመው በማኅተም ይያዙ።

ይህ ሁሉ እንዲፈጸም ሰበካ ጉባኤው አንድ ኃላፊና አንድ ተተኪ በቃለ ጉባኤ ቢሰይም፣ ጽዳቱና ቅጂው የተደረገበት ቀንም በአንድ ደብተር ቢመዘገብ መልካም ነው። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም ሳይሆን ይቀራልና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጽሕፈት ቤታችን ኮምፒውተር አሁን ያለበት ቦታ ከግድግዳ፣ ከወለልና ከፀሐይ አንጻር እንዴት ነው?
2. ሣጥኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተጸዳው መቼ ነው? ያጸዳውስ ማን ነው?
3. ኮምፒውተሩ ነገ ባይከፈት የትኛው ሰነድ ይጠፋል? ቅጂውስ የት ይገኛል?

ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ ከጽዳቱም በፊት ቅጂው በዛሬው ዕለት ይወሰድ ዘንድ በአክብሮት እናሳስባለን።