በአዳራሻችን ደጃፍ

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እንደምናነበው፣ ጌታችን በቅፍርናሆም በአንድ ቤት ሲያስተምር ሕዝቡ ደጃፉን ሳይቀር ሞልቶት ነበር። ስለዚህ አራት ሰዎች የተሸከሙትን ሽባ ለማስገባት ጣራውን ነደሉ። ስለ እነዚህ ሰዎች እምነት ብዙ ጊዜ ተሰብኮልናል፤ ስለ ሕዝቡ ግን እምብዛም አናስብም። ቃሉን ለመስማት የመጣ፣ በማንም ላይ ክፋት ያላሰበ ሕዝብ ነበረ። ሆኖም መግቢያውን የዘጋው እርሱ ነው።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን በቁምስናው አዳራሽ ተሰብስበው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሠርጉም፣ የክርስትናው ድግስም፣ የእድሩ ስብሰባም የሚደረገው በዚያው ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ወንድማችን ግን አስቀድሶ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛም «እርሱ ስብሰባ አይወድም» እንላለን። ለመሆኑ የአዳራሹን ደረጃዎች ቆጥረናቸው እናውቃለንን?

«ወጣቶች አሉ፣ ይሸከሙታል» የሚል መልስ ይሰጣል። መሸከም የፍቅር ሥራ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ሰው ለመግባትም ለመውጣትም አራት ሰው መለመን ካለበት፣ እንግዳ እንጂ የቤቱ ልጅ አልሆነም። ያ ሽባ እንኳ የገባው በሸክም ቢሆንም፣ የወጣው አልጋውን ራሱ ተሸክሞ በሁሉ ፊት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ በአንቀጽ 36፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። አሮጌ አዳራሽ ያለው ቁምስናም አዲስ እስኪሠራ መጠበቅ አያሻውም። በብዙ አገሮች በሚሠራበት ልክ፣ ግማሽ ሜትር ከፍታ ላለው ደረጃ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት መግቢያ ይበቃል። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ያጠረው ግን ሽቅብ ገፊ ይጠይቃል፣ ቁልቁል ሰው ይጥላል፤ እንዲህ ያለውን ለይስሙላ ከመሥራት ገንዘቡን ማስቀመጥ ይሻላል።

መጸዳጃ ቤቱም አብሮ ይታሰብ። በሩ ጠባብ ከሆነ፣ በወንበር የምትሄድ እኅታችን ሻይ ሲቀርብላት «ይቅርብኝ» ትላለች፤ ምክንያቱን ግን አትነግረንም። መስማት ለተሳናቸውና ለዓይነ ስውራን የሚያስፈልገው ደግሞ ሌላ ነው፤ በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

የቁምስናው ምክር ቤት ልኬት ከማስወጣቱ በፊት በወንበር የሚሄዱትን፣ በምርኩዝ የሚራመዱትንና ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያንን ጠርቶ ያማክር። ስብሰባው ግን ደረጃ በሌለበት ስፍራ ይሁን።