የዓሣ ጫጩት እርባታ፦ ትርፉም ኪሳራውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋ ዓሣ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው የጣና ሐይቅ ነው። ይሁንና ሐይቁ እንደ ድሮው አይሰጥም። በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር እ.ኤ.አ. በ1986 ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት አሥር ዓመታት ውስጥ ለገበያ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በክብደት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን ጥናት አመልክቷል። ለዚህ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ዓሣው እንቁላሉን ለመጣል በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ሲያመራ በወንዞቹ አፍ ላይ መጠመዱ ነው። በነጋዴ ቋንቋ ይህ ወለዱን ትቶ ዋናውን ገንዘብ መብላት ነው።

ዓሣን በገንዳ ለማርባት የሚያስብ ባለሀብትም ሒሳቡን ከጫጩቱ መጀመር ይኖርበታል። ለምሳሌ ለ300 የቆሮሶ ጫጩቶች ማሳደጊያ 3,000 ብር ወጣ እንበል። 240ው ቢተርፉ አንዱ ጫጩት 12 ብር ከ50 ሳንቲም ይፈጃል፤ 60ው ብቻ ቢተርፉ ግን 50 ብር ይሆናል። ወጪው ያው ነው፤ ልዩነቱ የሞቱት ቁጥር ነው። ስለሆነም ሰፊ ገንዳ ከማስቆፈር በፊት በቤት ውስጥ በአንድ የመስታወት ገንዳ ሥራውን መልመድ ብልህነት ነው። ስለ ጫጩት አቅርቦትና ስለ አያያዙ ምክር የሰበታንና የባሕር ዳርን የዓሣ ምርምር ማዕከላት መጠየቅ ይቻላል።

አንደኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። ቆሮሶ ለመራባት ከ22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል፤ ጫጩቱ በደንብ የሚያድገውም ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ነው። የደባርቅ ብርድ ለዚህ አይመችም፤ ከሊማሊሞ ገደል ግርጌ ያለው የድብ ባሕር ቆላማ አየር ግን ይሻላል። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ጎንደር ደግሞ ገንዳው የውኃ ማሞቂያ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ኦክስጅን ነው። በጎንደር ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ውኃው ሲሞቅም ይበልጥ ይቀንሳል። በመሆኑም በውጭ መጻሕፍት የተጻፈውን የዓሣ ብዛት እንዳለ መውሰድ አደገኛ ነው። አየር የሚነፋው ሞተር በመብራት መቋረጥ ከቆመ የታጨቀ ገንዳ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ስለሚችል፣ በባትሪ የሚሠራ መጠባበቂያ ከመጀመሪያው ወጪ ውስጥ መግባት ይገባዋል።

ሦስተኛው የውኃው ንጽሕና ነው። ከዓሣው ኩስና ከተረፈ መኖ የሚመነጨው አሞንያ በዓይን ሳይታይ ይገድላል። ይህን መርዝ የሚያረክሱት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ብዙ ጫጩት በአዲስ ገንዳ ውስጥ በአንድ ጊዜ መጨመር አይገባም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ክዳን በሌለው ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን ማሳደር፣ ከዚያም በየሳምንቱ የገንዳውን ሩብ ያህል ውኃ መለወጥ ይበጃል።

አራተኛው መኖ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው ሲዋኙ ከእናታቸውና ከሌሎች ትላልቅ ዓሦች መለየት አለባቸው፤ ካልሆነ ይበላሉ። ከዚያም በወንፊት የተነፋ የዓሣ ዱቄት፣ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ተደባልቆ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይሰጣቸዋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልተበላ መኖ ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ውኃውን መመረዝ ነው። ጫጩቶቹ ሲያድጉም ወደ ሌላ ገንዳ እያካፈሉ ማሳሳት ያሻል።

ከተራባው ላይ ትርፍ ቢኖር ወደ አንገረብም ሆነ ወደ ጣና መልቀቅ ተገቢ አይደለም። በጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ነጭ ዓሦች ስላሉ ከገንዳ የሚወጣ በሽታ ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም አርቢው ሙቀቱን፣ የሰጠውን መኖና የሞተውን ቁጥር በየቀኑ በደብተር ይመዝግብ። ከ10 ጫጩቶች 8ቱን ማሳደግ ሲችል ያን ጊዜ ስለ ትልቁ ገንዳ ቢያስብ ያዋጣዋል።